የባንክ ዕዳ ከአቅሜ በላይ ሆነ፣ የእናቴን ቤት ማዳን ይቻላል?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ፍራንኮ አካባቢ የግንባታ ዕቃ ሱቅ አለኝ። የዛሬ 3 ዓመት የእናቴን ቤት አስይዤ ከባንክ ተበደርኩ። በዱቤ ዕቃ የወሰዱብኝ ኮንትራክተሮች ስልኬን ማንሳት ሲተዉ እኔም የባንኩን ማንሳት ተውኩ። ይኸው 5 ወር አልከፈልኩም። ዕቁቤንም ወጥቶልኝ በልቼዋለሁ፣ ገና 9 ዙር ይቀረኛል። ሰኞ ዕለት የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ መጣ። የደረሰው ለእናቴ ነው፣ ጎረቤት አነበበላት። ምንም አላለችኝም፣ ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ ቡና አላፈላችም። ውጭ አገር ሰው ፍርድ ቤት ሄዶ ከሰርኩ ብሎ ዕዳው ይሰረዝለታል ይላሉ። እኛ ጋ የለም?

የቀድሞ ባንከር፦
ወንድሜ፣ ደብዳቤውን ቀልድ እንዳታደርገው። በአዋጅ 97/1990 ባንክ የያዘውን ቤት ለመሸጥ መጀመሪያ ፍርድ ቤት መክሰስ የለበትም። 30 ቀኑ ካለፈ ሐራጅ ያወጣል። አሁኑኑ ሂድና ብድሩ እንዲራዘምልህ፣ ሪስኬጁል የሚሉት ነው፣ በጽሑፍ ጠይቅ። ባዶ እጅህን ግን አትሂድ፤ የሱቁን የ6 ወር ሽያጭ፣ ኮንትራክተሮቹ የፈረሙበትን የዱቤ ወረቀት፣ በወር የምትችለውን መጠን ይዘህ ቅረብ፣ ከውዝፉም ትንሽም ብትሆን ክፈል። የማመልከቻህ ኮፒ ላይ ማህተም አስመታ። በቃል እሺ ያለህ ማናጀር ነገ ሊቀየር ይችላል።

ጠበቃው፦
ስለ ኪሳራ ለጠየቅከው፣ አለ፣ ግን ለነጋዴ ነው። ደመወዝተኛ ቢሆን ኖሮ በሩ ዝግ ነበር። የንግድ ሕጉ፣ አዋጅ 1243/2013፣ ነጋዴ ሳይከስር በፊት በፍርድ ቤት በኩል ከአበዳሪዎቹ ጋር ዕዳውን እንደገና የሚያዋቅርበት መንገድ አለው። ችግሩ ቤቱ ያንተ አይደለም። ያንተ መክሰር የእናትህን ቤት ከመያዣ አያወጣውም። ቤቱ መሸጡ ካልቀረ ባንኩን አስፈቅዳችሁ ራሳችሁ ገዢ ፈልጉ፣ ሐራጅ ላይ ዋጋው ይወርዳል።

የሐዋሳዋ፦
ምንም ብትጨነቅ አራጣ ቤት እንዳትረግጥ! እኔ የባንክ ውዝፍ ልዝጋ ብዬ 200 ሺህ ወስጄ 320 ሺህ ተበደርኩ ብዬ ፈረምኩ። ሕጉ የግለሰብ ብድር ወለድ በዓመት ከ12 በመቶ እንዳይበልጥ ይላል፣ ግን ወረቀቱ ላይ ወለድ የሚል ቃል የለ፣ ምን ብዬ ልክሰስ? ጭራሽ ቼክም ፈርሜ ሰጥቼዋለሁ። ሂሳቡ ውስጥ ብር ከሌለ ደረቅ ቼክ ነው፣ የሚያስጠይቀው እኔን። የዕቁቡን ዳኛ ደግሞ ዋስህ ከመጠራቱ በፊት አንተው ሄደህ አናግረው።

ጠያቂ፦
እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ዛሬ ጠዋት ማመልከቻውን አስገባሁ፣ ማህተሙንም አስመታሁ። ከኮንትራክተሮቹ አንዱ ብር የለኝም፣ በቆርቆሮ ልክፈልህ አለኝ። ቆርቆሮውን የወሰደው እኮ ከኔው ሱቅ ነው። ባንክ የሄድኩት እናቴን ይዤ ነው። ማናጀሩ ፊት አንድ ቃል ሳትናገር ቆየችና በር ላይ ስንደርስ "የዕቁቡንስ ለምን ደበቅከኝ?" አለችኝ። ያንንም ጎረቤት ነግሯታል።