ዊ ያኔ አሸነፈ ወይስ አላሸነፈም?

ጠያቂ፦
ሰላም ጌመሮች። ጓደኛዬ ስለ ኒንቴንዶ የጌም ማሽን ስለ ዊ ሲነሳ «ዊ የልጆች መጫወቻ ነው፣ የእውነቱ ፉክክር በፕሌይስቴሽን 3 እና በኤክስቦክስ 360 መካከል ነበር» እያለ ያደርቀኛል። ግን ከሦስቱ ብዙ የተሸጠው ዊ አይደል እንዴ?

ኮንሶሉ፦
በሽያጭ ከሆነ ዊ ነው፣ አለቀ። ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል። በ2006 አሜሪካ ውስጥ ሲወጣ 250 ዶላር ገደማ ነበር፤ ፕሌይስቴሽን 3 ግን ርካሹ 500፣ ውዱ 600። በዚያ ላይ የስፖርት ጌሙ ዊ ስፖርትስ አብሮት ስለሚመጣ ጌም ነክቶ የማያውቅ ሰው ሪሞቱን እንደ ራኬት እያወዛወዘ ቴኒስ ይጫወታል፣ አያት ከልጅ ልጇ ጋር ሳይቀር።

የማታ ተጫዋች፦
ልክ ነህ፣ ግን ለጨዋታ ያህል የሚገዛ ሰው አንድ ሁለት ጌም ይበቃዋል። ዊ ኤችዲ (ጥርት ያለ ምስል) እንኳን አልነበረውም! ትልልቆቹ ጌሞች ወይ አልመጡለትም ወይ ተቆራርጠው መጡ፤ ኦንላይን መታኮስ ያማረው ደግሞ ኤክስቦክስ ላይቭ ላይ ነበር። በኋላ ስልክ ላይ ነጻ ጌም ሲበዛ ብዙው ቤተሰብ ወደዚያ ሄደ። የተተኪው ዊ ዩ ሽያጭ 14 ሚሊዮን እንኳን አልሞላም።

ኮንሶሉ፦
እሺ፣ ታዲያ የፕሌይስቴሽኑ ሶኒና የኤክስቦክሱ ማይክሮሶፍት በ2010 እንደ ዊ በሰውነት እንቅስቃሴ የሚያጫውቱትን ሙቭና ኪኔክት ይዘው የመጡት ለምንድን ነው? የናቁትን ኮረጁ እኮ።

ዝምተኛው፦
ጓደኛህን በ2017 የወጣውን የኒንቴንዶ ማሽን ስዊችን አሳየው። እንግዳ ሲመጣ የመኪና ውድድሩ ማሪዮ ካርት፣ ብቻህን ስትሆን የጀብዱ ጌሙ ዜልዳ፤ እዚያው አንድ ማሽን ላይ።