ክርክር፦ ልጆቻችንን ወደ መጠጥ የሚስበው ስክሪኑ ነው ወይስ ቤታችን?

የ8ኛ ክፍል አስተማሪ፦ የቢራ ማስታወቂያ ከቴሌቪዥንና ከሬዲዮ የወጣው በ2011 ዓ.ም. በጸደቀው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ነው። ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው መጠጥ መሸጥንም ከልክሏል። በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ግን ተማሪዎቼ የሚያዩት ስልክ እንጂ ቴሌቪዥን አይደለም። በእረፍት ሰዓት አምስት ልጅ አንድ ስልክ ላይ ተደፍቶ ክሊፕ ያያል። ዘፋኙ ጠርሙስ ከፍ አድርጎ ይጨፍራል። ልጆቹም የውሃ ፕላስቲካቸውን ልክ እንደሱ አንገቱን ይዘው ያነሳሉ። ገና 13 እና 14 ዓመታቸው ነው! እገዳው ክሊፕና ቲክቶክንም ይንካ ባይ ነኝ። እናንተስ?

የደብረ ማርቆሱ፦ መምህርት፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ አልስማማም። እኛ ሰፈር ልጅ መጠጥ የሚቀምሰው ክሊፕ አይቶ አይደለም። በዓመት በዓል ቅራሪ የምትሰጠው እናቱ ናት። ዘፈን ላይ ምን አስጮኸን?

የሁለት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ ቅራሪና ቮድካ አንድ ነው እንዴ? ቅራሪው ቤተሰብ ፊት ነው፣ አንድ ጣሳ ነው፣ አለቀ። ክሊፑ ላይ የሚጠጣው ሰው ግን አያስመልሰውም፣ ሥራ አይቀርበትም፣ ከሚስቱ አይጣላም። ሁሌ ዘናጭ ነው፣ ሁሌ ኪሱ ሙሉ ነው። የ13 ዓመት ልጅ ይሄን በምን ይጠርጥር?

የጤና ባለሙያ፦ እህቴ ያለችው በጥናትም ታይቷል። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2009 የታተመ አንድ ዳሰሳ፣ ወጣቶችን በጊዜ ሂደት የተከታተሉ 13 ጥናቶችን አንድ ላይ አየ። በድምሩ ከ38,000 በላይ ወጣቶች ናቸው። በ12ቱ ጥናቶች፣ የመጠጥ ማስታወቂያና መጠጥ የሚታይበት ሚዲያ የበዛባቸው ልጆች ለመጀመር የቀረቡ ሆነው ተገኝተዋል፤ የጀመሩት ደግሞ ጨምረዋል። «መጠጥ የሚወድ ልጅ ራሱ ፈልጎ ያየው ቢሆንስ?» የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። ልጆቹን ገና ሳይጀምሩ ይዞ መከታተል ያስፈለገውም ለዚህ ነው። ቤተሰብና ጓደኛ ድርሻ የላቸውም ማለቴ አይደለም፤ እንዲያውም ከባድ ድርሻ አላቸው።

ግሮሰሪ ያላቸው አባት፦ እኔ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጅ ባዶ ጠርሙስ በፌስታል ይዞ ይመጣል። «አባዬ ሁለት ቢራ ብሏል» ይላል። አልሰጥም ስል አባትየው ተቆጥቶ ይመጣል። «የላክሁት እኔ ነኝ፣ አንተ ምን አገባህ?» ይለኛል። አዋጁን የሰማ ሰው ሰፈራችን ውስጥ ያለ አይመስለኝም።

የደብረ ማርቆሱ፦ ይኸው! ጋሼ ጨረሱት። ያለንን ሕግ ሳናስከብር ሌላ ሕግ ለምን? ደግሞስ ቲክቶክን ማን ሊቆጣጠር ነው?

የ8ኛ ክፍል አስተማሪ፦ ሁሉንም ክሊፕ ማጣራት አይቻልም፣ ልክ ነህ። ፋብሪካ ከፍሎ ያስገባው ጠርሙስ ግን ማስታወቂያ ነው። ቴሌቪዥን ላይ ከተከለከለ ስልክ ላይ ምን ልዩ አደረገው? ቢያንስ ከዚያ ይጀመር። ጋሼ፣ እርስዎም በርቱ፣ አይሽጡለት። አባትየው ከተቆጣ አዋጁን አትመን በርዎ ላይ እንለጥፍልዎታለን። ወረቀቱን እኔ አመጣለሁ።

የደብረ ማርቆሱ፦ በመለጠፉ እስማማለሁ። በክሊፑ ግን ገና አላሳመንሽኝም።