«ዲናውንስ» ሁልጊዜ «አወገዘ» ነው?

ጀማሪ ተርጓሚ፦

አንድ ግስ ሥራዬን አስቁሞኛል። «ዲናውንስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በመጣ ቁጥር እስከ ትናንት ድረስ ሳላመነታ «አወገዘ» ብዬ አልፍ ነበር። ተቃዋሚው መንግሥትን፣ መንግሥት ጎረቤቱን፣ ጳጳሱ ጦርነቱን፤ በእኔ ትርጉም ውስጥ የማያወግዝ የለም። ትናንት ግን በአንድ የታሪክ ጽሑፍ ውስጥ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ገጠሙኝ። በአንደኛው አንዲት ሴት ጎረቤቷን ለፖሊስ «ዲናውንስ» ታደርጋለች። ለፖሊስ ማውገዝ ምን ዓይነት ነገር ነው? በሁለተኛው ደግሞ ግሪክ በ1969 እ.ኤ.አ. የአውሮፓን የሰብአዊ መብቶች ኮንቬንሽን «ዲናውንስ» አደረገች ይላል። ወታደራዊ መንግሥት እንኳ ቢሆን የሰብአዊ መብት ስምምነትን እንዲህ በአደባባይ ያወግዛል? ከ«ኮንዴም» ጋር ያለውን ልዩነትም ንገሩኝ፤ መዝገበ ቃላቴ ሁለቱንም «ኮነነ፣ አወገዘ» ብሎ ተገላግሏቸዋል።

የድሮ ዜና ተርጓሚ፦

የግሪኩ ዓረፍተ ነገር ዓይነት እኔንም አንድ ጊዜ ጥሎኛልና ከእሱ ልጀምር። አንድ አገር ከፈረመው ኮንቬንሽን ሲወጣ «ስምምነቱን አወገዘ» ብዬ ጽፌ ላክሁ። አርታኢዬ በቀይ እስክሪብቶ ዳር ላይ «ታዲያ ለምን ፈረመ?» ብለው መለሱልኝ። ከዚህ ሌላ አንድም ቃል አልጨመሩም።

በስምምነቶች ቋንቋ ይህ ግስ ቁጣ የለበትም። አባል የሆነ አገር «ወጥቻለሁ» ብሎ በጽሑፍ የሚያሳውቅበት ሥርዓት ነው። የ1951ን የስደተኞች ኮንቬንሽን አንቀጽ 44 ይመልከቱ፤ ማንኛውም አባል አገር ለተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ በማሳወቅ ኮንቬንሽኑን «ዲናውንስ» ማድረግ ይችላል፤ ማስታወቂያው ከደረሰ ከአንድ ዓመት በኋላም ይጸናል። ውግዘት ቢሆን ኖሮ ማን አንድ ዓመት ይጠብቃል?

የቃሉ ሥር ላቲን ነው፤ «መልእክተኛ» ከሚለው ቃል ጋር ይዛመዳል። «አናውንስ»፣ «ፕሮናውንስ» እና «ሪናውንስ» ወንድሞቹ ናቸው። ስለዚህ መነሻው ማሳወቅ ነው፤ የቀረውን የሚወስነው ለማን እንደሚነገር ነው። የሰውን ጥፋት ለሕዝብ ካሳወቁት ውግዘት ይሆናል፤ ለባለሥልጣን ካሳወቁት ጥቆማ፤ መውጣትዎን ለተዋዋዮች ካሳወቁ ደግሞ ከውል መሰናበት። እኔ ይህን ግስ ባየሁ ቁጥር «ለማን?» ብዬ እጠይቃለሁ።

ለሴትዮዋ አንድ ነገር ላሳይዎት። በቬኒስ፣ በመስፍኑ ቤተ መንግሥት ግድግዳ ላይ አፉን የከፈተ የድንጋይ ፊት ተቀርጿል። አብሮት ያለው ጽሑፍ «የምስጢር ጥቆማ» ማለት ነው፤ ጣሊያንኛው ቃል ከዚሁ ግስ ጋር ሥሩ አንድ ነው። ድሮ ከሳሽ ወረቀቱን አጥፎ በዚያ አፍ ይጨምር ነበር፤ ወረቀቱ ከግድግዳው በስተጀርባ ወዳለው ሣጥን ይወድቅ፣ ሰውየውም ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዱን ይቀጥል ነበር። ይህ ምኑ ውግዘት ነው? «ጠቆመች» ይበሉ። ጽሑፉ ሊያሳዝን የፈለገ ከሆነ «አሳልፋ ሰጠች» ይሻላል።

የቋንቋ መምህር፦

«ኮንዴም» ፍርድ ያለበት ቃል ነው። ዳኛ ሞት ሲፈርድ በዚህ ግስ ይነገራል፤ ለመኖሪያ አይሆንም ተብሎ የተወሰነበት ሕንፃም እንዲሁ። ደግሞም ሰውን በልብ «ኮንዴም» ማድረግ ይቻላል፤ በልብ «ዲናውንስ» ማድረግ ግን አይቻልም፤ አፍ ወይም ብዕር ይፈልጋል።

ስለዚህ ለ«ኮንዴም» የሚቀርበው «ኮነነ» ይመስለኛል። በግእዝ «ኰነነ» ፈረደ፣ ገዛ ማለት ነው፤ «መኮንን» የወጣው ከዚያ ነው። «አወገዘ»ን በተመለከተ ግን ቅሬታ አለኝ። 318ቱ ሊቃውንት በ325 እ.ኤ.አ. በኒቅያ አርዮስን አወገዙ ስንል ከቤተ ክርስቲያን አንድነት ለዩት ማለታችን ነው። ያን ያህል የከበደ ቃል ዛሬ ለማንኛውም መግለጫ ይወጣል፤ በዚያ ላይ «በጽኑ» ይጨመርበታል። ብዙውን ጊዜ «በአደባባይ ነቀፈ» ይበቃ ነበር።

ታዛቢ፦

«በአደባባይ» የሚለውም ያጠራጥራል። የሶቪየት ኅብረት መሪ ክሩሽቼቭ በየካቲት 1956 እ.ኤ.አ. በኮሚኒስት ፓርቲው ጉባኤ ላይ የሞተውን የቀድሞ መሪ ስታሊንን ሲያብጠለጥሉ በሩ ተዘግቶ ነበር፤ «የምስጢር ንግግር» የተባለውም ለዚህ ነው። የእንግሊዝኛ መጻሕፍት ግን «ዲናውንስ» አደረጉ ነው የሚሉት።

የድሮ ዜና ተርጓሚ፦

ትክክል ነው፤ በዚያ አዳራሽ ውስጥ ግን የአንድ ግዙፍ ፓርቲ ጉባኤተኞች ተቀምጠው ነበር። እዚያ ላይ «አወገዘ» ይገባዋል፤ መምህሩም የሚከራከሩኝ አይመስለኝም።

የቋንቋ መምህር፦

አልከራከርም። ትናንት ሲያመልኩት የነበረውን ሰው ነው ከመካከላቸው የለዩት።

ጀማሪ ተርጓሚ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። «ጎረቤቷን ለፖሊስ ጠቆመች» እና «ግሪክ ከኮንቬንሽኑ መውጣቷን አሳወቀች» ብዬ አስተካክያለሁ። ባለፈው ወር ያስረከብኩትን ሥራ ከፍቼ ባየው ደግሞ «አወገዘ» አራት ቦታ አለ። አንዱ ውስጥ የሚያወግዘው ሰው ደብዳቤውን ስሙን ሳይጽፍ ነው የላከው። ለአሠሪዬ ምን ብዬ እንደምጽፍ እያሰብኩ ነው።