የስም ዝርዝር ማጣሪያ ኮዴ 200,000 መስመር ላይ 8 ደቂቃ ይፈጃል፤ ጥፋቱ የሪፕሌሱ ነው?

ባለመዝገቧ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የስም ዝርዝር የሚያጣራ አጭር የፓይተን ኮድ አለኝ። ከሲኤስቪ ፋይል ሙሉ ስም ያነባል፣ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ ያመጣል፣ ከዚያ ስሙ ቀድሞ ካልገባ ሊስት (ተራ በተራ የሚይዝ የፓይተን ዝርዝር) ውስጥ ይጨምረዋል፤ ከገባ ይዘለዋል። ኃይለ ሥላሴ እና ሀይለ ስላሴ ሁለት ሰው ሆነው እንዳይቆጠሩ ነው።

ሞክሼውን የማስተካክለው በተከታታይ ሪፕሌስ (አንዱን ፊደል በሌላ በሚተካው ትእዛዝ) ነው። ሐመሩ ሐ፣ ብዙኃኑ ኀ፣ ንጉሡ ሠ፣ ዓይኑ ዐ፣ ፀሐዩ ፀ፣ እያንዳንዳቸው በ7 ቅርጽ ሲሆኑ 35 ሪፕሌስ፤ መጨረሻ ላይ ሃን ወደ ሀ፣ ኣን ወደ አ የሚመልሱ 2 ይጨመራሉ። ለአንድ ስም 37 ጥሪ ማለት ነው።

የሚወስደው ጊዜ፦

10,000 መስመር፦ 1.3 ሰከንድ
20,000 መስመር፦ 4.9 ሰከንድ
40,000 መስመር፦ 19 ሰከንድ
200,000 መስመር፦ 8 ደቂቃ ገደማ

በ500 መስመር ናሙና ሲፕሮፋይል (ጊዜው የት እንደሚሄድ የሚለካ የፓይተን ፕሮፋይለር) ሳሮጥበት ከላይ የወጣው ሪፕሌስ ነው፤ 18,500 ጥሪ። ስለዚህ ያሰብኩት ወይ ሪፕሌሱን በትራንስሌት (ሁሉንም ፊደል በአንድ ሰንጠረዥ በአንዴ በሚለውጠው) መተካት፣ ወይ ሥራውን በመልቲፕሮሰሲንግ ለ4 ኮር ማካፈል፣ ወይ ያንን ክፍል በራስት ቋንቋ መጻፍ ነው። የትኛውን ትመክሩኛላችሁ?


ሰዓት_ያዥ፦

ከሦስቱ አንዱንም ገና አትንኪ። መልሱ ራስሽ የጻፍሻቸው ቁጥሮች ውስጥ አለ። መስመሩ እጥፍ ሲሆን ጊዜው እጥፍ አልሆነም፤ ወደ 4 እጥፍ ነው የዘለለው። ጥፋቱ የሪፕሌሱ ቢሆን ኖሮ እያንዳንዱ ስም የሚከፍለው ያንኑ 37 ጥሪ ስለሆነ 20,000 ስም የ10,000ውን እጥፍ ቢወስድ ነው። መስመር በተጨመረ ቁጥር በካሬ የሚያድግ ጊዜ የሚመጣው እያንዳንዱ ስም ከሱ በፊት ከገቡት ሁሉ ጋር ሲተያይ ነው። ያ ደግሞ «ይህ ስም ሊስቱ ውስጥ አለ ወይ» ብለሽ በኢን የምትጠይቂበት መስመር ነው። ፓይተን ሊስትን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ በአንድ ከማየት ሌላ መንገድ የለውም።

ሒሳቡ ይኸው። 40,000 ስም ቢሆንና አብዛኛው የማይደገም ቢሆን ንጽጽሩ 40,000 × 39,999 ÷ 2፣ ማለትም 800 ሚሊዮን ገደማ ነው። 19 ሰከንድ ለ800 ሚሊዮን ሲካፈል ለአንዱ ንጽጽር 24 ናኖሰከንድ ይደርሳል፤ ለፓይተን ያልተጋነነ ቁጥር ነው። በ200,000 ስም ንጽጽሩ 20 ቢሊዮን ይሆናል። በ24 ናኖሰከንድ አባዢው፦ 480 ሰከንድ፣ ያው 8 ደቂቃሽ። ለሪፕሌስ የሚተርፍ ነገር የለም።

መፍትሔው የታዩትን ስሞች በሊስት ፋንታ በሴት መያዝ ነው (የፓይተኑን የስብስብ ዓይነት ማለቴ ነው፤ በአማርኛ ሲጻፍ ማሳቁ አይቀርም)። ሴት ከጽሑፉ ሀሽ የሚባል ቁጥር አውጥቶ በቀጥታ ወደሚመለከተው ቦታ ስለሚሄድ ውስጡ 100 ስም ይኑር 200,000 የፍለጋው ጊዜ ብዙም አይለወጥም። የሚያስከፍልሽ ሚሞሪ ነው፤ ለ200,000 ስም የሴቱ ሰንጠረዥ ብቻ 8 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል፣ ጽሑፎቹን ሳይጨምር። ለዚህ ሥራ ምንም አይደለም።


ኮድ_ለቃሚ፦

ሰዓት_ያዥ ያለው ትክክል ነው። እኔ የምጨምረው ፕሮፋይለሩ ለምን እንዳሳሳተሽ ነው፤ ይህን ካልለየሽው ነገም በሌላ ኮድ ይደገማል።

አንደኛ፣ 500 መስመር ትንሽ ነው ብቻ ሳይሆን ሌላ ፕሮግራም ነው። በ500 ስም ንጽጽሩ 125 ሺህ ገደማ ነው፤ በ24 ናኖሰከንድ 3 ሚሊሰከንድ። 18,500 ሪፕሌስም የዚያኑ ያህል ነው የሚወስደው። ሁለቱ እኩል የሚታዩበትን ናሙና መርጠሽ ለካሽ ማለት ነው። በ200,000 ግን አንዱ በ400 እጥፍ ሲያድግ ሌላው በ160,000 እጥፍ ያድጋል። ፕሮፋይል ሲደረግ መጠኑ ከእውነተኛው ጋር መቀራረብ አለበት፤ ሙሉውን መጠበቅ ካልቻልሽ ቢያንስ 20,000 ወይም 40,000 መስመር ስጪው።

ሁለተኛ፣ ሲፕሮፋይል የሚቆጥረው የፈንክሽን ጥሪን ነው። ሪፕሌስ ፈንክሽን ስለሆነ በስሙ ራሱን ችሎ መስመር ይወጣለታል። ኢን ግን ኦፕሬተር ነው፤ ጊዜው የሚደበቀው ኢን ያለበት ፈንክሽን ውስጥ፣ ቶትታይም (የፈንክሽኑ የራሱ ጊዜ) በሚለው ዓምድ ላይ ነው። ሁሉም ነገር አንድ ፈንክሽን ውስጥ ከተጻፈ ያ ፈንክሽን ብቻ ወፍሮ ይታያል፣ የትኛው መስመር እንዳወፈረው አይነግርሽም። ኢን ያለበትን ቁራጭ ለብቻው ትንሽ ፈንክሽን አድርጊውና እንደገና ሩጪው፤ ወዲያው ይጋለጣል።

ሦስተኛ፣ ሲፕሮፋይል እያንዳንዱን ጥሪ ሲመዘግብ የራሱን ጊዜ ይጨምራል። ትንንሽና ብዙ የሚጠሩ ፈንክሽኖች ከእውነታው በላይ ከባድ መስለው የሚታዩት በዚህ ነው። ሪፕሌስሽ ደግሞ እንዲህ ዓይነቱ ነው። ስለዚህ ሲፕሮፋይልን የት እንደምመለከት ለማወቅ እጠቀምበታለሁ እንጂ «ይህን ያህል ፈጠነ» ለማለት አይበቃም።

ለእንዲህ ያለው ጉዳይ ፓይስፓይ ይሻላል። ኮዱን ሳትነኪ፣ እየሮጠ ያለውን ፕሮግራም የፕሮሰስ ቁጥሩን ሰጥተሽው በሰከንድ 100 ጊዜ «አሁን የት መስመር ላይ ነህ» እያለ ይጠይቃል። 8 ደቂቃ በሚፈጅ ሥራ ላይ 20 ሰከንድ ብቻ ብታዪው ይበቃል፤ ናሙናው በሙሉ ኢን ያለበት መስመር ላይ ተከምሮ ታገኚዋለሽ። ሊኑክስ ላይ እየሮጠ ካለ ፕሮሰስ ጋር ለማያያዝ ብዙ ጊዜ፣ ማክ ላይ ሁልጊዜ፣ የሩት (የኮምፒውተሩ የበላይ ተጠቃሚ) ፈቃድ ይጠይቃል።


ፈጣን_በቅሎ፦

ራስትን ስትጠቅሺ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ቋንቋውን እወደዋለሁ። ነገር ግን ራስት ውስጥም በቬክ (በራስቱ ሊስት) እየፈለግሽ ከጻፍሽው 20 ቢሊዮኑ ንጽጽር እዚያው ነው። አንዱን በ2 ናኖሰከንድ ይጨርስ እንበል፤ 40 ሰከንድ። በፓይተን ሴት ከ1 ሰከንድ ብዙ በማይርቅ ጊዜ ለሚያልቅ ነገር!

መልቲፕሮሰሲንጉም እንዲሁ። ዝርዝሩን ለ4 ብትከፍዪው እያንዳንዱ ሩብ ውስጥ ያለው ድግግሞሽ ይጠራል፣ አንደኛው ሩብ ውስጥም አራተኛው ውስጥም ያለ ስም ግን ያመልጥሻል፤ ስለዚህ መጨረሻ ላይ እንደገና ማጣራት ይመጣል። ጽሑፎቹ ከፕሮሰስ ወደ ፕሮሰስ ሲሻገሩም በፒክል (በፓይተን ዳታ ማሸጊያ) ታሽገው ተፈትተው ነው፤ ያም ጊዜ ይበላል።


ባለመዝገቧ፦

እግዜር ይስጥልኝ። በሴት ተካሁት፤ 200,000ው በ0.9 ሰከንድ አለቀ። አላመንኩም፣ 3 ጊዜ ደገምኩት።

አንድ ችግር ግን አለ። የድሮውንና የአዲሱን ውጤት ፋይል በዲፍ (የሁለት ፋይል ልዩነት በሚያወጣው ትእዛዝ) ሳወዳድር የመስመሩ ብዛት እኩል ነው፣ ቅደም ተከተሉ ግን የተለያየ ነው። ይባስ ብሎ አዲሱ ራሱ በሮጠ ቁጥር ተራው ይለዋወጣል።


ሰዓት_ያዥ፦

ወደ ፋይል የጻፍሽው ሴቱን ራሱን ነው። ሴት ተራ አይጠብቅም፤ ፓይተን ደግሞ ለጽሑፍ የሚያወጣው ሀሽ ፕሮግራሙ በተነሣ ቁጥር በዘፈቀደ ስለሚለወጥ ተራውም አብሮ ይለወጣል። ሁለቱንም ያዢ፦ ለመጠየቅ ሴቱን፣ ለመጻፍ ሊስቱን። ወይም ዲክሽነሪ (ቁልፍና ዋጋ አጣምሮ የሚይዘውን ዓይነት) ተጠቀሚና ስሙን ቁልፍ አድርጊው፤ ከፓይተን 3.7 ጀምሮ ዲክሽነሪ የገቡበትን ተራ መጠበቁ የቋንቋው ደንብ ነው፣ ፍለጋውም እንደ ሴት ፈጣን ነው።

በዲፍ ማወዳደርሽ ደግሞ የሚመሰገን ነው። ብዙ ሰው ፍጥነቱን አይቶ ሲደሰት ውጤቱ መለወጡን የሚያውቀው ከወር በኋላ ነው።


ባለመዝገቧ፦

ዲክሽነሪ አደረግሁት፣ ዲፉ ባዶ ወጣ። አሁን በሙሉው ፋይል ላይ ሲፕሮፋይል ሳደርግ 7.4 ሚሊዮን የሪፕሌስ ጥሪ ከላይ ቁጭ ብሏል። በዚህኛውስ ልመነው?


ኮድ_ለቃሚ፦

አዎ፣ አሁን እውነቱን ነው። ትልቁ ሲወገድ ሁለተኛው አንደኛ ይሆናል። ሥራው በወር አንድ ጊዜ የሚሮጥ ከሆነ ግን 0.9 ሰከንድን ተዪው፤ እሱን ለማሳነስ የምታጠፊው ከሰዓት በኋላ በ10 ዓመትም አይመለስም። አንድ ሰው አዝራር ተጭኖ የሚጠብቀው ከሆነ ብቻ ቀጥዪ።

ከቀጠልሽ ትራንስሌት ላይ 2 ወጥመድ አለ። የመጀመሪያው ትክክለኛነት ነው። የሪፕሌስ ሰንሰለት ደረጃ በደረጃ ይሄዳል፦ ሓ መጀመሪያ ሃ ይሆናል፣ ቀጥሎ ሃ ሀ ይሆናል። ትራንስሌት ግን እያንዳንዱን ፊደል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚያየው። 37ቱን ጥንድ እንዳሉ ወደ ሰንጠረዥ ካዛወርሻቸው ሓ ሃ ላይ ቆሞ ይቀራል፤ «ኃይለ» እና «ሀይለ» እንደገና ሁለት ሰው ይሆናሉ። ሓንም ኃንም በቀጥታ ወደ ሀ፣ ዓን በቀጥታ ወደ አ አድርጊ።

ሁለተኛው ፍጥነቱ ነው። ትራንስሌት ፈጣን ነው የሚባለው ብዙውን ጊዜ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ተለክቶ ነው፤ ሲፓይተን (የተለመደው ፓይተን) ውስጥ አስኪ (የእንግሊዝኛ ፊደላትና ምልክቶች) ብቻ ለሆነ ጽሑፍ የተለየ አቋራጭ አለው። የኛ ፊደል በዚያ አያልፍም። ለእያንዳንዱ ፊደል ዲክሽነሪው ይጠየቃል፤ ፊደሉ ሰንጠረዡ ውስጥ ከሌለ ደግሞ ከውስጥ የስሕተት ምልክት ተነሥቶ ይሰረዛል፣ ይህም ጊዜ ይበላል። መውጫው ቀላል ነው፦ የማይለወጡትንም ፊደላት፣ ባዶ ቦታውንም ጭምር፣ «በ ወደ በ» እያልሽ ሰንጠረዡ ውስጥ አስገቢያቸው። የኢትዮጵያ ፊደል ዋናው የዩኒኮድ ክልል 384 ቦታ ብቻ ስለሆነ በአንድ ሉፕ ይሞላል። ሪፕሌሱን፣ የሚለወጡትን ፊደላት ብቻ የያዘውን ትራንስሌትና የተሞላውን፣ ሦስቱንም በራስሽ ስሞች ለኪያቸው። የማን እንደሚያሸንፍ በስሞቹ ርዝመትና በፓይተኑ ቨርዥን ስለሚወሰን የሰው ቁጥር አትውሰጂ።

መለኪያው ታይምኢት (የፓይተኑ የአጭር ኮድ ጊዜ መለኪያ) ይሁን። ከተርሚናል ስትጠሪው የዙሩን ብዛት ራሱ ይመርጣል፣ 5 ጊዜ ደጋግሞ ትንሹን ይነግርሻል። ትንሹን መያዝ ልክ ነው፤ ሌላው ፕሮግራም ሲሻማበት ጊዜው ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። እንደ ነባሪ ደግሞ የቆሻሻ ሰብሳቢውን (የማያስፈልግ ሚሞሪ የሚያስለቅቀውን) አጥፍቶ ነው የሚለካው፣ ይህን አትርሺ። ሙሉውን ፕሮግራም በራስሽ ሰዓት የምትይዢ ከሆነ ከታይም ሞጁል ታይም የሚለውን ትተሽ ፐርፍ ካውንተርን ውሰጂ፤ የመጀመሪያው የኮምፒውተሩ ሰዓት ከኢንተርኔት ሲስተካከል አብሮ ሊዘል ይችላል። ላፕቶፑም ቻርጀር ላይ ይሁን፤ በባትሪ ሲሆን ሲፒዩው ፍጥነቱን ዝቅ ስለሚያደርግ የጠዋቱና የማታው ቁጥር አይገናኝም።


ፈጣን_በቅሎ፦

ከትራንስሌቱም በፊት የምሞክረው ሌላ ነገር አለ። የኛ ስሞች ይደጋገማሉ። ሙሉ ስም መደጋገሙ ብርቅ ነው፣ ተስፋዬ ወይም አበበ ግን በሺዎች መስመር ላይ ይመጣል። ስሙን በባዶ ቦታ ከፋፍለሽ ቃል በቃል አስተካክዪና ውጤቱን በኤልአርዩ ካሽ አስቀምጪው፤ ሁለተኛ ሲመጣ 37ቱ ሪፕሌስ አይሮጥም።

ማክስሳይዝን (የካሹን መጠን) ግን ኖን (ገደብ የለሽ) አድርጊው። ዝም ብለሽ ከተውሽው 128 ቃል ብቻ ነው የሚይዘው፤ 129ኛው ሲመጣ ከተጠየቀ ከሁሉም የቆየው እየተጣለ ካሹ ዝም ብሎ ሲገለባበጥ ይውላል። ሲጨርስ ካሽ ኢንፎን ጥሪ፤ ሂት (ካሹ ውስጥ የተገኘው) ከሚስ (ካልተገኘው) በብዙ እጥፍ ካልበለጠ መከፋፈሉ ራሱ ከሚያተርፈው በላይ ያስከፍላል፣ አውጪው።


ሰዓት_ያዥ፦

ካሹን በታይምኢት ከለካሽው ደግሞ ተጠንቀቂ። ከሁለተኛው ዙር ጀምሮ ሁሉም ቃል ካሽ ውስጥ ስለሆነ የምትለኪው ዲክሽነሪ ፍለጋን ብቻ ነው፤ ቁጥሩ ተረት ይሆናል። በየዙሩ መጀመሪያ ካሽ ክሊርን ጥሪ፣ ወይም ሙሉውን ፕሮግራም በየጊዜው ከዜሮ አስነሥተሽ በሰዓት ያዢው። የመጀመሪያውን ሩጫ ጣዪው፤ ፋይሉ ከዲስክ የሚነበበው ያኔ ነው፣ ከዚያ በኋላ ሊኑክስ ሚሞሪ ውስጥ ስለሚያቆየው የሚቀጥሉት ሩጫዎች እርስ በርስ ይወዳደራሉ።