ቁም ሳጥኑ አልፈታ አለኝ፤ እባካችሁ እርዱኝ

ሰላም ለሁላችሁም። ቅዳሜ ቤት እንለቃለን። አልጋውን ፈታትቼ ብሎኖቹን በፌስታል ቋጥሬ ከራስጌው ጋር በፕላስተር አስሬያለሁ። መስታወቱንም በብርድ ልብስ ጠቅልዬዋለሁ፤ የሚጫነው በቁሙ ነው፣ ተኝቶ ከሄደ በቀላሉ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የቀረኝ ባለ ሦስት በሩ ቁም ሳጥን ነው። የተገጠመው እዚሁ ክፍል ውስጥ ስለሆነና ኮሪደሩ ጠባብ በመሆኑ ሳይፈታ አይወጣም። በሮቹንና መደርደሪያዎቹን አውጥቻለሁ፤ የጀርባውንም ስስ እንጨት ምስማሩን አንድ በአንድ እየነቀልኩ አነሳሁት። ችግሩ ጎኑን ከላይኛው ጣውላ ጋር የያዙት ብሎኖች ናቸው። የሁለቱ ጭንቅላት ተበልቶ ካቻቢቴው ዝም ብሎ ይሽከረከራል። በጉጠት ልይዘው ብል ወደ ውስጥ ገብቷል። ትንሽ ፈንቀል ሳደርገው ደግሞ ቺፑዱ እንደ መጋዝ ብናኝ እጄ ላይ ረገፈ፤ ደንግጬ ተውኩት።

ወፍራም ላስቲክ በካቻቢቴውና በብሎኑ መካከል አድርጌ ስሞክር አንደኛው ነቅነቅ አለ፣ ሌላው ግን ወይ ፍንክች! በድሪል ልሰርስረው? ከሰረሰርኩት በኋላስ ቀዳዳው ሰፍቶ አዲሱ ቤት ስገጥመው ብሎን ይይዛል? በእንጨት ስንጥርና በኮላ ሞልቶ መልሶ መብሳት ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ በቺፑድ ላይ የሞከራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ። ከሰርጋችን ጀምሮ አብሮን የኖረ ዕቃ ስለሆነ ጥዬው መሄድ አልፈልግም።