ስለ አሜሪካው ቀባሪ ጥንዚዛ የጋራ መግለጫ፦ የዕቅድ ውይይት

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ አባላት፣ በአማርኛ ለምናዘጋጀው የብርቅዬ ነፍሳት መግለጫ የመጀመሪያው ዝርያ የአሜሪካው ቀባሪ ጥንዚዛ (በሳይንሳዊ ስሙ ኒክሮፎረስ አሜሪካነስ) እንዲሆን ሐሳብ አቀርባለሁ። በ1790 (እ.ኤ.አ.) ፈረንሳዊው የነፍሳት ተመራማሪ ኦሊቪዬ ስም የሰጠው ይህ ጥንዚዛ ቀድሞ በ35 የአሜሪካ ግዛቶች ይኖር ነበር፤ በ1989 በአሜሪካ ሊጠፉ ከተቃረቡ ፍጥረታት መዝገብ ሲገባ ግን የታወቁት መኖሪያዎቹ የሮድ አይላንዷ ብሎክ ደሴትና ምሥራቅ ኦክላሆማ ብቻ ነበሩ። ረቂቁን በክንፍ ሽፋኑ ላይ ካሉት አራት ብርቱካንማ ቀይ ምልክቶች ብንጀምር ምን ይመስላችኋል?

የአካል ገለጻ አዘጋጅ፦
በዝርያው ምርጫ እስማማለሁ፤ በመነሻው ግን አልስማማም። በክንፍ ሽፋን ላይ ያሉ እንዲህ ያሉ ምልክቶች በዚሁ ወገን (የቅርብ ዘመድ ዝርያዎች ስብስብ) ውስጥ ባሉ ብዙ ዝርያዎች ላይ ስለሚታዩ አንባቢን ያሳስታሉ። ይህንን ጥንዚዛ ከሰሜን አሜሪካ ዘመዶቹ ለይቶ የሚያሳውቀው ከጭንቅላቱ ቀጥሎ ባለው የደረት ጋሻ መካከል የተንሰራፋው ብርቱካንማ ቀለም በመሆኑ፣ ገለጻው ከዚያ ተነሥቶ ወደ ፊቱ እንዲያልፍ እጠይቃለሁ። ከአፉ በላይ ያለው ምልክት በወንዱ አራት ማዕዘን፣ በሴቷ ደግሞ አነስ ያለ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ፆታን በፊት ገጽታ ብቻ መለየት መቻሉ ለጀማሪ ትልቅ ትምህርት ነውና በአንድ መስመር እንዳይታለፍ አደራ እላለሁ። የአንቴናው ጫፍ አብጦ ብርቱካንማ ሲሆን፣ የሞተ እንስሳ ሽታ የሚይዘውም በዚሁ ነው። የክንፍ ሽፋኑ በስተኋላ አጠር ብሎ የተቆረጠ ስለሚመስል የሆዱ ጫፍ ይታያል። ርዝመቱ ከ25 እስከ 45 ሚሊ ሜትር ይደርሳል።

የምደባ ክፍል ተጠሪ፦
ክፍለ መደቡ ኮሊዮፕቴራ (ጥንዚዛዎች)፣ ወገኑም ፋብሪሺየስ በ1775 ያቋቋመው ኒክሮፎረስ መሆኑ አያከራክርም። አስቸጋሪው አስተኔው፣ ማለትም ተዛማጅ ወገኖችን የሚያቅፈው ቡድን ነው። የቆዩ መጻሕፍት ሲልፊዴ በሚል ራሱን የቻለ አስተኔ ውስጥ ያስቀምጡታል፤ የቅርብ ጊዜ የዘረ መል ጥናቶች ግን ይህ ቡድን ስታፊሊኒዴ ከተባለው ሌላ የጥንዚዛ አስተኔ ውስጥ የበቀለ ቅርንጫፍ መሆኑን ስላሳዩ፣ ሲልፊኔ ተብሎ ንዑስ አስተኔ እንዲሆን ተደርጓል። ሁለቱንም ስሞች እንድንጽፍ፣ አዲሱን ግን እንድናስቀድም ሐሳብ አቀርባለሁ፤ አሮጌውን ብቻ ይዞ የሚፈልግ አንባቢም መንገዱን አይስትም።

የሥዕል አዘጋጅ፦
በጥንዚዛው ገላ ላይ ተሳፍረው የሚጓዙ ማይት የሚባሉ ጥቃቅን ባለ ስምንት እግር ፍጥረታት ስላሉ በናሙና ፎቶግራፎች ላይ የአካሉ ክፍል ሊመስሉ ይችላሉ፤ ስለዚህ በሥዕሉ ላይ አልስላቸውም። ከዚህ ሌላ፣ ሆዱ ላይ ያሉት ሸካራ መስመሮች ከክንፍ ሽፋኑ ሥር ጋር ሲፋተጉ ድምፅ ያወጣሉ። እናትና አባት አብረው የሞተ ትንሽ እንስሳ ሬሳ ቀብረው በእርሱ ልጆቻቸውን በሚመግቡበት ጊዜ በዚህ ድምፅ ስለሚጠቀሙበት፣ ክፍሉን ለብቻው አጉልቼ ለማሳየት ፈቃዳችሁን እጠይቃለሁ።

የማኅበሩ ጸሐፊ፦
ፈቅደናል። የመነሻውን አንቀጽ ሰርዤ በደረት ጋሻው ጀምሬዋለሁ፤ የአስተኔው አጻጻፍም በተጠሪው ሐሳብ መሠረት ተስተካክሏል። ጥበቃውን በተመለከተ፣ በ2020 ደረጃው «ሊጠፋ የተቃረበ» ከሚለው ወደ «ሥጋት ላይ ያለ» መዛወሩን በመጨረሻው አንቀጽ አስገብቻለሁ። የቀረን የክንፍ ሽፋን ለሚለው ቃል በሰነዱ ሁሉ አንድ ዓይነት አጠራር መያዝ ስለሆነ፣ የቃላት ዝርዝሩን የአካል ገለጻ አዘጋጁ እንዲያሰናዱልን እጠይቃለሁ።