ጎል የማያገባ ተጫዋች ጎበዝ እንደነበረ በምን እናሳይ? (የልጄ የቤት ሥራ)

የናቲ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ሜልቦርን ነው የምንኖረው። ልጄ 8ኛ ክፍል ነው። ስለ አንድ የድሮ የፉቲ (የአውስትራሊያ እግር ኳስ) ተጫዋች ጽፋችሁ ኑ ተብለው ዕጣ ሲያወጡ፣ ለእሱ የሪችመንድ ክለቡ ተከላካይ ቪክ ቶርፕ ደረሰው። ሰውየው ከ1910 እስከ 1925 ነው የተጫወተው፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር። 263 ጨዋታ አለው። ጎሎቹ ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መምህሩ "ጎበዝ ነበር የምትል ከሆነ ማስረጃ አምጣ" ብለውታል። ናቲ "ምንም ያላገባ ሰው ምን ማስረጃ አለው?" እያለ ያለቅሳል። እኔ ስለ ፉቲ የማውቀው ኳሷ ሞላላ መሆኗን ብቻ ነው። ከየት እንጀምር?

የታይገር ደጋፊ፦

እህቴ፣ ናቲን አይዞህ በይልኝ። ቶርፕ ፉል ባክ ነው። ከራሱ ጎል ፊት የሚቆም የመጨረሻው ሰው ማለት ነው። የተጋጣሚው ዋና ጎል አግቢ የእሱ ዕዳ ነው። የእሱን ጎል መቁጠር ዘበኛን ስንት ዕቃ ሸጥክ ብሎ እንደመጠየቅ ነው። የተቆጠረበትን ነው መቁጠር ያለባችሁ።

መጀመሪያ ውጤቱ እንዴት እንደሚነበብ ልንገርሽ፣ ወረቀቱ ላይ ግር ይላል። በመሃለኛዎቹ ሁለት ረጃጅም ምሰሶዎች መካከል በእግር ተመትታ ከገባች ጎል ናት፣ 6 ነጥብ። በጎን ባለው ክፍተት ካለፈች ቢሃይንድ ትባላለች፣ 1 ነጥብ። ስለዚህ 5.6 (36) ሲባል 5 ጎል፣ 6 ቢሃይንድ፣ ድምር 36 ነው።

አሁን ሦስቱን ፍጻሜዎች ጎን ለጎን አስቀምጡ። በ1919 ኮሊንግዉድ ሪችመንድን 11.12 (78) ለ 7.11 (53) አሸነፈ። በ1920 እነዚሁ ሁለቱ እንደገና ተገናኙና ሪችመንድ 7.10 (52) ለ 5.5 (35) አሸነፈ። ክለቡ በሊጉ ያገኘው የመጀመሪያ ዋንጫ ነው። በ1921 ደግሞ ካርልተንን 5.6 (36) ለ 4.8 (32)። ዓምና 11 ጎል ያገባው ኮሊንግዉድ በዓመቱ 5 ብቻ አገባ፣ ካርልተን ደግሞ 4። ናቲ ከዚህ ይጀምር።

ዳኛው፦

ጥሩ ነው፣ ግን መምህሩ ጎበዝ ከሆኑ እዚህ ላይ ይይዙታል። 36 ለ 32 ያለቀ ጨዋታ የፉል ባኩን ጉብዝና ብቻውን አያሳይም። ሜዳው ጭቃ ሊሆን ይችላል። ነፋስ ሊሆን ይችላል። መሃሉ ኳስ አላሳልፍ ብሎ ሊሆን ይችላል። ደግሞ በ1920 ዳን ሚኖግ መጥቶ ነበር፣ ከራሱ ከኮሊንግዉድ የተሻገረ አምበልም አሰልጣኝም። ቡድኑ የተለወጠው በቶርፕ ብቻ አይደለም። ውጤት እንደ ፍንጭ ይግባ፣ ማስረጃው ግን በዘመኑ ያየው ሰው የጻፈው ነው።

ቶሎ በል፦

ለምን በኮሊንግዉዱ ዲክ ሊ አይቀይረውም? በ230 ጨዋታ 707 ጎል! ቁጥሩን ጽፎ መገላገል ነው።

የታይገር ደጋፊ፦

@ቶሎ በል ዕጣ ነው አሉ እኮ። ግን ጥሩ ነገር አነሳህ። ሊ የተጫወተው ከ1906 እስከ 1922 ነው፣ ማለትም የቶርፕ ዘመን ሰው ነው። ሪችመንድና ኮሊንግዉድ በተገናኙ ቁጥር ሊ ስንት እንዳገባ ኤኤፍኤል ቴብልስ የሚባለው ድረ ገጽ ላይ በየጨዋታው ይገኛል። ናቲ ሁለቱም የተሰለፉባቸውን ጨዋታዎች ለቅሞ፣ ሊ በሌሎች ክለቦች ላይ ካገባው ጋር ያወዳድር። ውጤቱ ለቶርፕ ባያደላ እንኳ ይጻፈው፣ ያም መረጃ ነው።

ጋዜጣ አገላባጭ፦

የናቲ እናት፣ የአውስትራሊያ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ትሮቭ የሚባል ድረ ገጽ አለው። የድሮ ጋዜጦች ተቃኝተው በነፃ ተቀምጠዋል፣ መመዝገብም አያስፈልግም። ለሜልቦርን ዘ አርገስን እና ዘ ኤጅን ምረጡ።

ጨዋታው ቅዳሜ ስለነበር ዘገባው ሰኞ ነው የሚወጣው። የ1920 ፍጻሜ ጥቅምት፣ በፈረንጆቹ ኦክቶበር፣ 2 ቀን ነበር፤ ስለዚህ የ4ን ጋዜጣ ክፈቱ። የ1921ዱ ኦክቶበር 15 ነው፣ የ17ን እዩ። ዳኛው ያለው የጭቃና የነፋስ ጉዳይም እዚያው ይፈታል፣ ዘጋቢዎቹ ስለ አየሩ ሳይጽፉ አያልፉም።

ስሙን ስትፈልጉ ተጠንቀቁ። መጨረሻው ላይ "ኢ" ያለበትንም የሌለበትንም ሞክሩ። የመጀመሪያ ስሙን ተዉት፣ የዘመኑ ዘጋቢ ብዙ ጊዜ የአባት ስም ብቻ ነው የሚጽፈው። ኮምፒውተሩም የደበዘዘውን ጽሑፍ አሳስቶ ያነባል። ስለዚህ ስሙ ካልመጣ "ሪችመንድ" እና ቀኑን አስገብታችሁ ገጹን በዓይናችሁ አንብቡ።

አሰላለፉ በመስመር በመስመር ታትሞ ታገኛላችሁ። የኋላው መስመር ሦስት ስም አለው፣ መካከለኛው ፉል ባኩ ነው። ናቲ ከእያንዳንዱ ዘገባ ስለ ቶርፕ የተባለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ከነቀኑ ይገልብጥ። መጥፎ የተባለበትንም ጭምር። አምስት ስድስት ከሰበሰበ በቂው ነው።

የናቲ እናት፦

ተባረኩ! ናቲ ኮምፒውተሩ ላይ ተተክሏል። አንድ ነገር ልጠይቅ፦ 263 ጨዋታ ብዙ ነው? የአሁኖቹ ከዚያ በላይ የሚጫወቱ አሉ እያለ ነው።

አቶ ታሪክ፦

በጣም ብዙ ነው። 263ን ለ16 የውድድር ዓመት አካፍይው፣ በዓመት ከ16 ጨዋታ በላይ ይመጣል። ያኔ ከፍጻሜ ምዕራፉ በፊት የሚደረገው አብዛኛውን ጊዜ 16 ወይም 18 ጨዋታ ነበር። ከሜዳ የቀረበት ቀን ጥቂት ነው ማለት ነው።

አንደኛው የዓለም ጦርነትም አለ። ዩኒቨርሲቲ የሚባለው ክለብ ከ1914 በኋላ ከሊጉ ወጣ። በ1916 የቀሩት አራት ክለቦች ብቻ ነበሩ፦ ካርልተን፣ ኮሊንግዉድ፣ ፊትዝሮይ እና ሪችመንድ። መደበኛው ውድድር 12 ዙር ብቻ ነበር። አራቱም ወደ ፍጻሜው ምዕራፍ አለፉና አራተኛ የወጣው ፊትዝሮይ ዋንጫውን በላ። ይሄን ናቲ ባይጽፈውም ለጓደኞቹ ያውራላቸው፣ የሚያምነው የለም።

ሌላው፣ ተቀያሪ አልነበረም። ሜዳ የሚገቡት 18 ናቸው፤ 19ኛው ሰው፣ ማለትም ተቀያሪው፣ የተፈቀደው በ1930 ነው፣ ቶርፕ ካቆመ በኋላ። የተጎዳ ተጫዋች ከወጣ ቡድኑ ጎድሎ ይጫወታል። አንድ ፉል ባክ እግሩን እያነከሰም ቢሆን የማይወጣው ለዚህ ነው። የዛሬው ከወንበር እየተነሳ የሚመላለስበት ጨዋታ ሌላ ዓለም ነው።

ለእኛ ሰፈር ሰዎች ደግሞ፦ እንጀራ የምንገዛበት ፉትስክሬይ ሊጉን የተቀላቀለው በ1925 ነው፣ ከሆቶርንና ከኖርዝ ሜልቦርን ጋር። የቶርፕ የመጨረሻ ዓመት።

ዳኛው፦

ሁለት ነገር ልጨምር። ቶርፕ ለቪክቶሪያ ክፍለ ግዛት ቡድንም ተመርጧል። ይሄ ጠንካራ ማስረጃ ነው፣ ምክንያቱም የመረጡት ሰዎች በዓይናቸው ያዩት ናቸው። በ1998 ሪችመንድ የምዕተ ዓመቱን ቡድን ሲያወጣ ፉል ባክ ያደረገውም እሱን ነው። ደስ ይላል፣ ግን እኔ ብሆን ይሄን ከታች ነበር የማስቀምጠው። በ1998 ቶርፕ ሲጫወት ያየ ስንት ሰው ቀርቶ ነበር?

የታይገር ደጋፊ፦

በዚህ አልስማማም፣ ለክለቡ ደጋፊ ትልቅ ነገር ነው። ግን ለመምህሩ ስትል እሺ፣ ከታች ይሁን።

የናቲ እናት፦

ናቲ የ1920ውን ዘገባ አግኝቷል። የአሰላለፉ ጽሑፍ ደቅቆ አላነብ አለው እንጂ። ማተም ይቻላል?

ጋዜጣ አገላባጭ፦

ይቻላል። ጽሑፉን ስትከፍቱ በግራ በኩል የማውረጃ ምልክት አለ፣ በፒዲኤፍ አውርዱት። ከማተማችሁ በፊት ግን እዚያው ስክሪኑ ላይ አጉሉት። በወረቀት ከሆነ የዓይን መነጽር ሊያስፈልግሽ ነው።